የከድጃ ክንድ

ያደታ ሰው ማስተኛትን ሥራዬ ብሎ ከያዘ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። የአርጆ ልጅ ነው። መጀመሪያ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሆስፒታል፣ ኋላም ነቀምቴ ገብቶ በማደንዘዣ ባለሙያነት ሲሠራ ቆይቷል። ረዥም፣ ዝምተኛ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ነው፤ የቀዶ ጥገና ክፍል ባልደረቦቹም ስለ እሱ ሲያወሩ መጀመሪያ የሚያነሱት እጁን ነው። ሐኪሞቹ ሲጣደፉ አይጣደፍም፤ ሲቆጡም አይቆጣም። ከበሽተኛው ራስጌ ቆሞ፣ ዓይኑን ከማሽኑ ሳይነቅል፣ አልፎ አልፎ የበሽተኛውን ግንባር በአይበሉባው ነካ እያደረገ ሰዓቱን ይጨርሳል።

ከባልደረቦቹ አንዱም የማያውቀው ነገር ግን ነበረበት።

ነገሩ የሆነው ከአራት ዓመት በፊት፣ በዚያች ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ሳለ ነው። ጭኗ የተሰበረ የአራት ዓመት ልጅ ከአንገር ጉቲን አመጡ። ከድጃ ትባላለች። ቤተሰቦቿ ከመደብ ላይ ስትወርድ ነው የተሰበረችው አሉ፤ መደቡ ከጉልበት የማይበልጥ ነው። አጥንቱን ለማቃናት ልጅቷ መተኛት ነበረባት። ያደታ መድኃኒቱን በደም ሥሯ ሰጣት፤ ትንሹ ሰውነቷ ለአፍታ ተንቀጠቀጠና ረገበ። የልጅ የደም ግፊት መለኪያ አልነበራቸውም። የአዋቂውን ጨርቅ አጥፎ በቀጭኑ ክንዷ ላይ ጠቀለለና ማሽኑን አስነሣ።

ጨርቁ በአየር ተሞልቶ ሲጠብቅ ከሥሩ አንድ ድምፅ ሰማ። ትልቅ ድምፅ አልነበረም፤ ጥፍር ሲቆረጥ የሚሰማው ዓይነት ነው። ክንዷን ዳሰሰ። ከጣቱ ሥር የሆነ ነገር ሸርተት አለ። ቀና ሲል የሚያየው ሰው የለም፤ ሐኪሙ ጭኗ ላይ አጎንብሷል፣ ነርሷ ጀርባዋን ሰጥታለች። ያደታ ጨርቁን ፈትቶ አስቀመጠና ቀሪውን ጊዜ የልብ ምቷን ብቻ እየተከታተለ ጨረሰ።

በማግስቱ ልጅቷ ክንዷን አላስነካ ብላ ስታለቅስ ኤክስሬይ ተነሣች፤ ክንዷም ተሰብሯል። ሐኪሙ ፊልሙን እያገላበጠ «ከመደብ የወረደች ልጅ ጭኗም ክንዷም አይሰበርም፤ ይህቺ ልጅ ተመትታለች» አለ። ከዚያ ያደታን አስጠርቶ ጠየቀው።

«ትናንት ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ያጋጠመ ነገር አለ?»

«የለም» አለ ያደታ። «ምንም አላጋጠመም።»

ሐኪሙም ለፖሊስ ደብዳቤ ጻፈ። አባትየውን ከሆስፒታሉ ግቢ ወስደው ሦስት ቀን አሰሩት። ማስረጃ ስላልተገኘ፣ የአገሩ ሰዎችም ዋስ ስለሆኑ፣ ፈቱት። ያደታ መታሰሩን የሰማው በዚያው ዕለት፣ በግቢው ሻይ ቤት፣ ከፅዳት ሠራተኛዋ ነው። «አባትየውን እኮ አሰሩት፣ አልሰማህም?» ስትለው «እህ» አለና ሻዩን ጨርሶ ወደ ሥራው ገባ።

ከዓመት በኋላ ለዲግሪ ትምህርት ሲሄድ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መምህሩ አጥንታቸው ተሰባሪ ሆኖ ስለሚወለዱ ሰዎች አስተማረ። በሽታው በዘር ይወርዳል፤ የዓይናቸው ነጭ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ብዙዎቹ አጭር ናቸው፤ አንዳንዶቹ ጆሯቸው ይደክማል። እንዲህ ያለውን ሰው ስታስተኙ አንገቱን ወደ ኋላ አትለጥጡ፣ ቱቦ ስታስገቡ ጥርሱና መንጋጋው በእጃችሁ ላይ ሊቀር ይችላል፣ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጠውን መድኃኒት አትስጡት፣ ሰውነቱ ሊግል ይችላል፣ ከሌላው ሰው ይበልጥ ሊደማ ይችላል። ግፊት መለኪያ ብቻውን ክንድ ይሰብራል አለ መምህሩ። ያደታ ሁሉንም በደብተሩ አሰፈረ፤ የመጨረሻዋን ግን አልጻፋትም።

ሩክያ የምትባል ነፍሰ ጡር የመጣችው ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከጉቲን በኡኬ በኩል አምቡላንስ አመጣት፤ አምቡላንሱ እስከ መስኮቱ ጭቃ ለብሷል። የማህፀንና ጽንስ ሐኪሟ ዶክተር ሊሊሴ መርምራት ስትወጣ ያደታን ከቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ አገኘችው።

«ልጁ በመቀመጫው ነው ያለው። ዳሌዋም ድሮ ተሰብሮ ተጣሟል፤ በምጥ አትወልድም» አለችው። «ሂድና እያት። ቁመቷ የልጅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ተሰብሬያለሁ ትላለች።»

«ዓይኗስ?» አለ ያደታ።

«ዓይኗ ምን?»

«ነጩ።»

ሊሊሴ ትንሽ አሰበችና «ልብ ብዬ አላየሁትም» አለች።

ክፍሉ አራት አልጋ ያለው ነው። ሩክያ በመስኮቱ በኩል ካለው አልጋ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ሆዷ ከራሷ የሚበልጥ ይመስላል። ያደታ እንደ ልማዱ በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ» ብሎ እንዴት አደርሽ አላት።

«ነጋ፣ ገለተ ረቢ» ብላ ፈጣሪን አመስግና መለሰችለትና ወደ አማርኛዋ ተመለሰች። «በቀኜ በኩል ይምጡ ዶክተር፤ ግራው ጆሮዬ ተኝቷል።»

«ዶክተር አይደለሁም። የማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ» አለና በቀኟ በኩል ዞሮ ተቀመጠ። ቀና ስትል ዓይኗን አየው። ነጩ ነጭ አይደለም፤ ዝናብ ያዘለ ሰማይ የሚመስል አመድማ ሰማያዊ ነው።

ጥያቄውን በተራ ጠየቃት። ስንት ጊዜ ተሰብረሻል? ሩክያ ሳቀች። መቁጠር የተወችው በአሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ግራ ጭኗ ሁለት ጊዜ፣ ቀኝ እጇ፣ ጎኗ፣ ዳሌዋ ደግሞ ከአህያ ወድቃ። አስማረ የሚባል ወጌሻ አለ፤ አባቷ በሰባ ሰባት ድርቅ ከወሎ ሲሰፍሩ አብሯቸው የመጣ ሰው ነው። «አያ አስማረ ሲያየኝ ሰላምታም የለው፤ 'ደሞ የቱን ነው?' ነው የሚለኝ» አለች። ካገባች ወዲህ ግን ተሰብራ አታውቅም። በአባቷ በኩል አክስቷም እንዲሁ ነበረች።

«ከዚህ ሁሉ ተርፎ ያልተሰበረ የትኛው ክንድሽ ነው?»

«ግራዬ» አለችና ፊቷን አጠቆረች። «ለምን እንደጠየቁኝ አውቃለሁ። ይስሙኝ ዶክተር፤ እኔ መተኛት አልፈልግም። በቁሜ ይቅደዱኝ። ልጄ ከድጃ እንደ እኔው ናት። ጭኗን ሊያቃኑ አስተኝተዋት፣ ደህናውን ክንዷን ይዛ ገብታ ተሰብሮ ወጣ። እናንተ ናችሁ የሰበራችሁት ብለው ባሌን አሰሩት። ባሌ ያሲን በር ላይ ቆሟል፤ እሱም የፈቃዱን ወረቀት አይፈርምም።»

ያደታ የያዘውን ወረቀት ተመለከተ። የጻፈው «ግራ ክንድ» የሚል ብቻ ነው።

«የት ነበር?» አላት፤ የሚያውቀውን።

የከተማዋን ስም ነገረችው። እሱ ያኔም እንዳሁኑ ማስክና ኮፍያ አድርጎ ስለነበር፣ እሷና ባሏም ከበሩ ውጪ ስለቆሙ፣ መልኩን አታውቀውም።

ተመልሶ ሊሊሴን በቢሮዋ አገኛት። መጀመሪያ ስለ በሽታው አስረዳት፤ ድምፁ የወትሮው ድምፅ ነው። ሙሉ በሙሉ ማስተኛት የማይሆነው አንገቷን ማቅናት ስለማይቻል፣ ጥርሷና መንጋጋዋም ስለሚያሰጋ መሆኑን፣ የጀርባው ማደንዘዣ የተሻለ መሆኑን፣ እሱም ቢሆን ጎብጣ ስትቀመጥ የጀርባ አጥንቷ ሊሰበር እንደሚችል ነገራት። ደም መዘጋጀት አለበት። ደሟ የመርጋት ችግር እንደሌለው መታየት አለበት።

«አዲስ አበባ ሪፈር ብንላትስ?» አለች ሊሊሴ።

«በዚህ ዝናብ፣ በዚህ መንገድ፣ ምጥ ሊጀምራት የሚችል ሴት? ከመኪናው ላይ ሳትወርድ ትሰበራለች።»

«እንግዲያው እዚሁ እንሠራታለን። ምን ያስጨንቅሃል ታዲያ?»

ያደታ ያኔ ነገራት። ለማንም ተናግሮት አያውቅም ነበርና መጀመሪያ እንዴት እንደሚጀመር ጠፋው፤ ከድምፁ ጀመረ፤ ከጥፍር መቁረጫው ድምፅ። ሲያበቃ ሊሊሴ እስክሪብቶዋን ከጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ከኦፕሬሽኑ በኋላ ንገራቸው» አለች። «አሁን ብትነግራቸው ባልየው ይዟት ይሄዳል። እሷም ልጇም ይሞታሉ።»

«ሳልነግራት ጀርባዋ ላይ መርፌ ልሰካ?»

«ይህን የምትለው ለእሷ ነው ወይስ ለራስህ?»

ሊሊሴ መልሱን ሳትጠብቅ ደም ለማዘዝ ስልኳን አነሣች።

ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ ከሩክያ ጎን የተኛችው ጸሐይወርቅ የምትባል አስተማሪ ወገቧን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ የቀሩት ሁለት አልጋዎች ባዶ ነበሩ። ያደታ ገብቶ በሩን ዘጋና በሩክያ ቀኝ በኩል ተቀመጠ። ማስኩን አወለቀ። በሹክሹክታ ሊነግራት አይቻልም፤ ወደ ጆሮዋ ተጠግቶ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ሩክያ፣ ከድጃን ያስተኛኋት እኔ ነኝ።»

ያልሰማችው መስሎት ሊደግመው ሲል እጇን አንሥታ አስቆመችው።

«ግፊት መለኪያውን ያሰርኩላት እኔ ነኝ። ክንዷ የተሰበረው እዚያ ውስጥ ነው። ሲሰበር ሰምቻለሁ። ሲጠይቁኝ ግን ምንም አላጋጠመም አልኩ።»

ሩክያ ፊቱን ትክ ብላ አየችው። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድበዋል።

«ያሲንን ሲያስሩት ታውቅ ነበር?» አለች። «እርስዎ» ማለቷን ትታለች።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ያደታ በአራት ዓመት ውስጥ ለዚህ ጥያቄ ብዙ መልስ አዘጋጅቷል። በሽታውን ያኔ አላውቀውም ነበር የሚለው አንዱ ነው፤ እውነትም ነው። አንዱንም አላነሣውም።

«ፈራሁ» አለ።

ሩክያ ብርድ ልብሱን ወደ ሆዷ ሳበች። ከዚያ ስትናገር ድምፅዋ አልተለወጠም።

«እኔ እኮ ያሲንን ጠርጥሬው ነበር» አለች። «አንድም ቀን ከአፌ አላወጣሁትም። እሱም አላወቀብኝም። ግን ከድጃን አዝሏት ከቤት ሲወጣ ዓይኔ ይከተለው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ። ወላሂ፣ ስትመለስ ልብሷን ገልጬ አያት ነበር።»

ያደታ ወለሉን አየ።

«ሌላ የሚያደነዝዝ ሰው አለ እዚህ?»

«ኢቢሳ የሚባል አለ፤ ነገ ይገባል። ጎበዝ ነው። ምጥ ካልጀመረሽ አንድ ቀን መጠበቅ ይቻላል።»

«እንደ እኔ ያለ ሰው ሠርቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«አንተስ?»

«አንድ። ከድጃን።»

«ኢቢሳ ይፈራል?»

«ኢቢሳ ምንም አይፈራም።»

«እንግዲያው አንተ ትሠራኛለህ» አለች ሩክያ። «እኔ የሚፈራ ሰው ነው የምፈልገው። ለያሲን ግን እስክወጣ እንዳትነግረው። አሁን ከሰማ አያስነካኝም። ከወጣሁ እኔው ራሴ ንገረው እልሃለሁ።» ትንሽ ቆየችና ጨመረች፤ «ካልወጣሁም ንገረው። ያኔም ዝም እንዳትል።»

ያሲን እንዲፈርም እንዴት እንዳግባባችው ያደታ አያውቅም። በሩ ተዘግቶ ሲነጋገሩ ቆይተው፣ ያሲን ወጣና የቀረበለትን ወረቀት ሳያነበው ፈረመ። ቀጠን ያለ፣ ፀሐይ ያጠቆረው፣ በቆሎና ሰሊጥ የሚያመርት ገበሬ ነው። እስክሪብቶውን ሲመልስ ያደታን በአክብሮት «ወንድሜ፣ አደራህን» አለው።

ለኦፕሬሽኑ ያደታ ሁሉን ነገር በራሱ አዘጋጀ። ጠረጴዛውን ብርድ ልብስ አነጠፈበት፤ በላዩ ትራስ ደረደረ። ሠራተኞቹን ሰብስቦ እጇንም እግሯንም ማንም እንዳይጎትት፣ ስትነሣ አራት ሰው አንሶላውን ይዞ እኩል እንዲያነሣት አስጠነቀቃቸው። ማሽኑ በየሁለት ደቂቃው ራሱን እየነፋ ክንዷን እንዳይጨምቅ ገመዱን ነቀለውና አሮጌውን በእጅ የሚነፋውን መለኪያ አመጣ። በግራ ክንዷ ላይ ጥጥ በጥጥ ላይ ጠቀለለ፤ ጨርቁን በላዩ ላላ አድርጎ አሰረ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጣም ቀስ ብሎ ነፋው፤ የእጅ አንጓዋን ትርታ በጣቱ ይዞ፣ ትርታው ሲጠፋ ወዲያው ለቀቀው። ከሥሩ የሚሰማ ነገር ይኖር እንደሆነ እንደሚያዳምጥ ሩክያ ገብቷታል።

«የለም» አለችው። «ደህና ነው።»

ለጀርባው መርፌ ነርሷ ድርቤ ከፊቷ ቆማ በትራስ አቀፈቻት። እንደ ሌላው ሴት አገጭሽን ደረትሽ ላይ አድርጊ አላላትም፤ የምትችለውን ያህል ብቻ ጎበጥ በይ አላት። ጀርባዋ ወደ ቀኝ የጠመመ ነው። የመጀመሪያው መርፌ አጥንት ነካና ወዲያው አወጣው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ገፋ ያደርገው ነበር። ሁለተኛው ገባ። ኩልል ያለው ፈሳሽ በመርፌው ጫፍ ጠብ ሲል ከወትሮው ያነሰ መድኃኒት ሰጣት፤ አጭር ሰውነት ውስጥ መድኃኒቱ ሽቅብ ቶሎ ይወጣል፤ ደረቷን ከያዘው መተንፈስ ሊያቅታት፣ ቱቦ ሊያስፈልጋት ነው።

ሊሊሴ ሥራዋን ስትጀምር ያደታ በሩክያ ቀኝ ጆሮ በኩል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ግፊቷን እንደ ልቡ መለካት ስለማይችል የሚያውቀው ከትርታዋና ከአፏ ነው።

«አውሪኝ» አላት።

«ምን ላውራ?»

«የፈለግሽውን። ዝም እንዳትዪ ብቻ።»

ስለ ጉቲን ክረምት አወራችው፤ ወንዙ ሲሞላ የሚቆረጠውን መንገድ፣ ሰሊጡን የሚያበላሸውን ዝናብ። መሐል ላይ ቃሏ ተንተባተበ። «ልቤን... ያቅለሸልሸኛል» አለች። ከጣቱ ሥር ትርታዋ እንደ ክር ቀጥኗል። ያደታ የተዘጋጀውን መድኃኒት ገፋላት፣ ግሉኮሱንም ለቀቀው። ሊሊሴ ቀና ሳትል «እየደማች ነው፤ ደሙን ስቀሉት» አለች። ሰቀሉት። አራት ወይ አምስት ደቂቃ ያህል ሩክያ ምንም አላወራችም፤ ዓይኗ ግን ክፍት ነበር፣ ያደታም ከዚያ ሰማያዊ ላይ ዓይኑን አላነሣም። ከዚያ ትርታዋ ቀስ እያለ ወፈረ።

«የት ደርሼ ነበር?» አለች።

«ወንዙ ሞልቶ።»

ልጁን ሊሊሴ አልጎተተችውም። ቀዳዳውን አስፍታ በሁለት መዳፏ ከሥር ይዛ እንደ ሊጥ አነሣችው። ወንድ ነው። አለቀሰ። አጥንቱን በኤክስሬይ አዩት፤ የተሰበረ የለም። ዓይኑ ግን ምንም አልነገራቸውም፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን ሁሉ የዓይኑ ነጭ ሰማያዊ ይመስላልና።

በሦስተኛው ቀን ሩክያ ያደታን አስጠራችው። ያሲን ሕፃኑን ታቅፎ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጧል። ሩክያ ሕፃኑን ተቀበለችውና «አሁን ንገረው» አለች።

ያደታ ቆሞ ነገረው። ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ አንድም ሳያስቀር። ያሲን ሲሰማ ፊቱ አልተለዋወጠም፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያዳምጥ ነበር።

«ሲሰበር ሰማኸው?»

«ሰማሁ።»

«እኔን ሲወስዱኝ የት ነበርክ?»

«እዚያው ግቢ ውስጥ። ሻይ ቤት።»

ያሲን ተነሣ። ያደታም የሚመጣውን ጠብቆ ሳይንቀሳቀስ ቆመ። ያሲን ግን አንድ እርምጃ ከተጠጋ በኋላ ቆመና እጆቹን ተመለከተ።

«ልመታህ እችል ነበር» አለ። «ብመታህ ግን ያኔ ያሉኝን ሰው ሆንኩ ማለት ነው።»

ወጥቶ ሄደ። እስኪመሽ አልተመለሰም። ሲመለስ ያደታ ፈረቃውን ጨርሶ ሊወጣ ሲል በሆስፒታሉ በር ላይ አገኘው።

«ጉቲን ትመጣለህ» አለው። «እኔ በሰፈሩ የዕድር ጸሐፊ ነበርኩ። ልጁን የሚሰብር ሰው ደብተራችንን አይይዝም ብለው አወረዱኝ። መጥተህ ለእኔ የነገርከኝን ለእነሱ ትነግራቸዋለህ።»

«እመጣለሁ» አለ ያደታ።

የሄደው በጥቅምት ነው፤ ከዚያ በፊት መንገዱ አንዴ በጎርፍ አንዴ በሌላ ምክንያት ሲዘጋ ሲከፈት ቆየ። ባልደረቦቹ ብቻህን አትሂድ አሉት፤ ብቻውን ሄደ። ዓርብ ከሶላት በኋላ ሰዎቹ ከመስጊዱ አጥር ውጪ ባለው ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ፤ ከኦርቶዶክሶቹም ወጌሻው አስማረና ሌሎች ጥቂት ሽማግሌዎች መጡ። ያደታ በሕዝብ ፊት መናገር አይሆንለትም። ቃሉን አሳጥሮ፣ ልጅቷን ማንም እንዳልመታት፣ ክንዷ በእሱ እጅ እንደተሰበረ፣ እውነቱን እንደደበቀ ነገራቸው። ከመካከላቸው አንዱ «አራት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር?» አለው። «እሠራ ነበር» አለ ያደታ፤ ሌላ የሚለው አልነበረውም። አስማረ ብቻ «እኔ ያኔውኑ ብያችሁ ነበር፤ የሩክያ አባት ወገን አጥንታቸው እንዲህ ነው ብያችሁ ነበር» እያለ ተቆጣ።

ሽማግሌዎቹ ያሲንን ይቅርታ ጠየቁት። ጸሐፊነቱ ግን አልተመለሰለትም፤ ሌላ ሰው ይዞታል፣ ያም ሰው ሥራውን በደንብ ይሠራል፤ እሱን ማውረድ ደግሞ ሌላ ቅያሜ ያመጣል አሉ። ያሲን እሺ አለ።

ከድጃን ያያት የዚያን ዕለት ነው። ስምንት ዓመት ሞልቷታል፤ እንደ እናቷ አጭር ናት፣ ዓይኗም የእናቷ ነው። ቀኝ ክንዷ መሐሉ ላይ ወደ ውጪ ጎብጧል። እናቷ «ይህ ነው» ስትላት ተመለከተችውና ወደ ቤት ገባች። ሲሄድም አልወጣችም።

ያደታ ለቀድሞው ሆስፒታል ደብዳቤ ጻፈ፤ መልስ አልመጣም። ለሙያ ሥነ ምግባር ኮሚቴም ጻፈ። ጠርተው ጠየቁት፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡት። ከባልደረቦቹ አንዳንዶቹ ለምን ራስህን ከሰስክ አሉት። ሊሊሴ ግን ከባድ በሽተኛ ሲመጣ እንደ በፊቱ እሱን ታስጠራለች።

በየካቲት ከድጃ ጭኗን በድጋሚ ተሰበረች። ያሁኑ ስብራት በብረት መታሠር ነበረበትና ወደ ነቀምቴ አመጧት። ሩክያ ሕፃኑን አዝላ፣ በኮሪደሩ ላይ ያደታን አገኘችው። ሕፃኑ ሰባት ወሩ ነው፤ እስካሁን አልተሰበረም።

«ማን ነው የሚያስተኛት?» አለችው።

«ተራው የእኔ ነው።»

«ኢቢሳ ያስተኛት።»

ያደታ ኮፍያውን አወለቀ።

«ለራሴ አንተን መረጥኩ» አለች ሩክያ። «ድጋሚም ቢሆን አንተን እመርጣለሁ። ለእሷ ግን አልችልም። ልቧ አንድ ጊዜ ፈርቶሃል። የምታውቀውን ሁሉ ለኢቢሳ ንገረው፤ እጅህ ግን እንዳይነካት።»

«እሺ» አለ ያደታ።

ኢቢሳ በመጀመሪያ ሳቀ፤ እኔ የማላውቀው ምን አለ ብሎ። ያደታ ወንበር ስቦ አስቀመጠውና ሁለት ቀን ሙሉ አስጠናው፤ ጥጡ በምን ያህል እንደሚጠቀለል፣ የትኛውን መድኃኒት እንደማይሰጥ፣ መንጋጋዋን ሳይገፋ በምን ጣት እንደሚይዛት፣ ሰውነቷ መጋል ከጀመረ ምን እንደሚያደርግ። የራሱን ክንድ ዘርግቶ አሥር ጊዜ አስጠቀለለው። ከዚያም የከድጃን የጥንቱን ነገር ነገረው። ኢቢሳ ከዚያ በኋላ አልሳቀም።

በቀዶ ጥገናው ቀን ያደታ ከበሩ ውጪ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ያሲን መጥቶ በሌላኛው ጫፍ ተቀመጠ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል እንደዚያ ቆዩ። አንድ ጊዜ ያሲን የሰሊጡ ዋጋ ዘንድሮ ደህና መሆኑን ተናገረ፤ ያደታም አርጆ ያሉ ወንድሞቹ ዘንድሮ ብዙ በቆሎ እንዳገኙ ነገረው።

በሩ ሲከፈት ኢቢሳ ማስኩን ወደ አገጩ አውርዶ ወጣ። ግንባሩ ላብ አውጥቷል።

«ነቅታለች» አለ። «ሁለቱንም ክንዷን ዳስሻለሁ። ደህና ናቸው።»

ያሲን ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ። ያደታን በሁለተኛው ክፍል የሐሞት ጠጠር ያለበት በሽተኛ እየጠበቀው ስለነበር፣ ኮፍያውን አድርጎ ወደዚያ ሄደ።